የማዳም ኤሌኒ የሥጋ ዳቦ

የተፈጨ ሥጋ ከነጭ ሽንኩርትና ከናና ጋር ሲታሽ እጅ ላይ የሚተወው ሽታ አለ፤ ይኸው ሰሞኑን በሳሙና ባሸው በሎሚ ባሸው አልለቅ ብሎኝ ያናድደኛል። ጉዱ የጀመረው ጎረቤቴና አብሮ አደጌ ሩቂያ፣ ልጇ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊወስዳት መሆኑን የነገረችኝ ዕለት ነው። እዚሁ ሄርማታ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚሁ ሄርማታ ወልዳ ከብዳ፣ በስተርጅና ፎቅ ላይ ልትቀመጥ። እኔ ሆድ ሲብሰኝ እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «አስቱ፣ ከመሄዴ በፊት የማዳምን የሥጋ ዳቦ አንድ ቀን ብታቀምሺኝ።»

ማዳም ኤሌኒ ግሪክ ነበሩ። ባላቸው የቡ ከምትባለው የገጠር ከተማ ቡና እየገዙ ይነግዱ ነበር፤ ግቢያቸው ከእኛም ከእነሩቂያም ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ማዳም ኦሮምኛን ከአማርኛ አስበልጠው ይናገራሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፣ ደስ ባላቸው እሁድ ደግሞ ጓሯቸው ባለው የዳቦ ምድጃ ያንን ሰፈሩ «የሥጋ ዳቦ» የሚለውን የአገራቸውን ምግብ ይጋግራሉ። ወተት የጠጣ ያደረ ፉርኖ ከተፈጨ ሥጋ ጋር ይታሻል፣ ጨው ተነስንሶበት በጨርቅ ተንጠልጥሎ ውሃው የተንጠፈጠፈ አይብ ይገባበታል፣ መሐሉ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በሰልፍ ይቀበራል፤ ሲቆረጥ እንቁላሉ ክብ ዓይኑን አፍጥጦ ያየናል። እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ ሩቂያ የሙስሊም ልጅ፤ እናቶቻችን ዱቄትና በርበሬ ሲበዳደሩ ቢውሉም በሥጋ ነገር ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ ማዳም ከሁለት ሥጋ ቤት ገዝተው በሁለት መጋገሪያ ለየብቻ ይጋግራሉ፤ ጨውን ከሁለቱም እየቀመሱ ያስተካክላሉ፣ እሳቸውን የሚቆጣ የለም። እኛ ምራቃችንን እየዋጥን ስንቁለጨለጭ እሳቸው በጨርቅ ሸፍነው ካልበረደ አይነኩትም፤ ቆርጠው ሲሰጡንም እያንዳንዱን ቁራሽ መጀመሪያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። ስስት ነው ብለን በሆዳችን እናማቸው ነበር።

ኋላ ባላቸው ሲሞቱ ማዳም አገር ለቀው ሄዱ፣ ምድጃውም ፈረሰ፣ ግቢው ላይ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል።

እንግዲህ ያንን ነው ሥሪ የተባልኩት። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ገዛሁ፣ አዲስ መጋገሪያ ገዛሁ፣ የእኔ ቢላዋ እንዳይነካውም የሩቂያን ከቤቷ አስመጣሁ። የመጀመሪያው ኦቨን ውስጥ እንዳለ መብራት ሄደ፤ ግማሹ ጥሬ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ለሩቂያ ድመት ተረፈ። ሁለተኛው ገና ቢላዋ ሲነካው ተፈረካከሰ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን መቅመስ አለመቻሌ ነው። ወጥ ሳልቀምስ አውጥቼ የማላውቅ ሴት፣ የሙስሊም ሥጋ እንዴት አድርጌ ልቅመስ? ጨው በማሽተት ይታወቃል እንዴ? ፍርፋሪውን ይዤላት ሄድኩ። አላምጣ አላምጣ፣ «ይሄ ናና ምን አገባው? የማዳም እኮ ቀረፋ ነበረው» አለችኝ።

«የማዳም ቀረፋ ኖሮት አያውቅም፤ ናና ነው» አልኳት።

«ወላሂ ቀረፋ ነው። ጃጀሽ እንዴ አስቱ?»

ተኮራርፈን ተለያየን። ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት በቀረፋ መኳረፍ ምን የሚሉት ነው። ቤቴ ገብቼ ድስት እያጋጨሁ ስነጫነጭ ነው የማዳም አፍንጫ ትዝ ያለኝ። ለካ ስስት አልነበረም። ቁራሹ እንዳይቀላቀልባቸው የእኔን በናና፣ የእሷን በቀረፋ እያደረጉ፣ ሲሰጡን በማሽተት ይለዩት ኖሯል። እኔና ሩቂያ አንድ ምግብ በልተን ያደግን ሲመስለን፣ አንድም ቀን አንድ ነገር ቀምሰን አናውቅም። ሄጄ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ኩርፊያውም እዚያው ቀረ።

የምትሄድበት ጠዋት በቀረፋ ጋገርኩላት። ልጇ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል፤ እስኪበርድ ማን ይጠብቀኝ? ትኩሱን ስቆርጠው ፈራረሰ። ሩቂያ በማንኪያ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «ቀረፋው እሱ ነው» አለች፤ ቆይታ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨው ግን የለውም እኮ።» ረስቼዋለሁ። የማይቀመስ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። እኔ በንዴት አንገቴን ስደፋ እሷ «ማል ጎና፣ ምን ይደረግ» ብላ የቀረውን በፌስታል ቋጥራ ለመንገድ ያዘች።

በማግስቱ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ገዝቼ የራሴን፣ የናናውን፣ ጋገርኩ። መብራቱም አልጠፋ፣ ጨዉንም ቀምሼ አስተካከልኩ፣ በጨርቅ ሸፍኜም በደንብ እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ የሚያጣድፈኝ ማን አለ። ቢላዋ ሲነካው ቀጥ ብሎ ተቆረጠ፣ እንቁላሉም ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ስቀምሰው የማዳም ራሱ ነው። ድሮ በዚያ አጥር ሥር ለሁለታችን ሁለት ጊዜ የሚጋግር፣ ለሁለታችንም የሚቀምስ ሰው ነበረን፤ እኔ በስንት መከራ ለአንድ አፍ የሚሆን ተሳካልኝ። «አየሽ፣ ናና ነው» ልላት ቁራሹን በሳህን ይዤ ወጣሁ። በሩ መቆለፉ ትዝ ያለኝ ደጃፏ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ቢከፈትስ ኖሮ፣ ሥጋው የእኔ ነው፣ አትበላልኝም።