ዓሣ የምትበላዋ ዛጎል

አንቀልባ ላይ የተሰፋ ዛጎል ሲንቋቋ ስሰማ ዛሬም ፈቀቅ ብዬ አልፋለሁ። ለምን እንደሆነ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ግን ልንገርህ።

ልጅ ሳለሁ፣ ብቸና፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ የባዮሎጂ መምህር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያደጉት አሰብ ነው፣ ከቀይ ባሕር አጠገብ። ጠረጴዛቸው ላይ ጣት የምታህል፣ ቡናማ ጥለት ያላት ሹል ዛጎል ነበረቻቸው።

«ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት» አሉኝ አንድ ቀን። «ውስጧ የነበረው ቀንድ አውጣ መርፌ በመሰለ ጥርሱ ዓሣ ወግቶ፣ በመርዝ አደንዝዞ ነው የሚውጠው።»

በዚያው ክረምት ሕፃኑ ወንድሜ በተቅማጥና በትውከት ታመመ። ቤቱ ሁሉ ኮምጣጣ ሽታ ሸተተ። እናቴ ቡዳ እንዳያየው ብላ እንደ አገሩ ልማድ ተራ ዛጎል አንገቱ ላይ አስራለት ነበር፤ ምንም አልፈየደለትም። እኔም በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ፣ ይኼ ዛጎል ፈሪ ነው፣ አዳኟ ትሻላለች አልኩ። የመምህሩን ዛጎል ሰርቄ በጥቁር ክር አሰርኩለት። ኮራሁ እንኳ።

በማግስቱ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሞተ።

አስከሬን የሚያጥቡት ሴቶች ሳይመጡ ክሩን በጥሼ ዛጎሏን ሽንት ቤት ጣልኳት። መርዟ ነው የገደለው አልኩ በልቤ። ከለቅሶው በኋላ መምህሩ ቀስ ብለው «ዛጎሌን አላየሻትም?» ሲሉኝ፣ «አላየሁም» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሞጣ ተዛወሩ።

ወንድሜን ገድያለሁ ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ። ዘንድሮ ሞጣ ሄጄ፣ ጡረታ ወጥተው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጄ፣ መርዙ ከእንስሳው ጋር ነው የሚሞተው። ባዶ ቅርፊት ማንን ይገድላል?»

ቀለለኝ። በቀጥታ ብቸና፣ እናቴ ዘንድ ገባሁ።

«እማዬ፣ ያኔ ሕፃኑ አንገት ላይ የነበረችው ሹል ዛጎል ትዝ ትልሻለች?»

«ምን ትረሳኛለች!» አለች። «ጤና ጣቢያ ልወስደው፣ አዝዬው ልወጣ ስል ነው ያየኋት። መምህሩ ያሰሩለት መሰለኝ። የተማረ ሰው ካሰረው መድኃኒት ቢሆን ነው ብዬ መልሼ አስተኛሁት።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «እኒያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።»

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። እናቴ ዛሬም የምትረግመው እሳቸውን ነው።