ጠበል የጠጣው ምንሽር

ባሌ ኒቆዲሞስ ከእኔ ይልቅ ምንሽሩን ነው ያገባው። አትሳቁ! አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ጠመንጃ ሳይወለውል ቁርስ ቀምሶ አያውቅም። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ እጁ ላይ አኑረው፣ «ዝገት ሳይነካው ለልጅህ ታስረክባለህ» ብለው አስምለውታል። በቃ፣ የሰውዬው ኑሮ ያቺ መሐላ ሆነች።

ልጃችን ሄኖክ ሃያ ሲሞላው እኔን ፍርሃት ገባኝ። ጊዜው ክፉ ነው፤ የጎረቤት ልጅ በአባቱ መሣሪያ ሰው ገድሎ ወህኒ ወርዷል። ሽጠው ብለው እኔኑ ይሸጠኛል። ስለዚህ በየወሩ፣ ሚካኤል በዋለ ቁጥር፣ እሱ ጀጎል ደርሶ እስኪመለስ፣ በአፈሙዙ ጠበል አንቆረቁርበት ነበር። ደም እንዳያፈስ ብዬ ነው። ጠበል እኮ ነው፣ ብረት ይበላል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ጉድ መጣ። ኒቆዲሞስ ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢከተው ቀይ ሆኖ ወጣ። እኔ ሞኟ፣ የድሮው ደም እየወጣለት ነው ብዬ እልል ማለት ነው የቀረኝ። እሱ በላምባ አጠበው፣ በስፌት መኪና ዘይት አሸው። በወሩ ደግሞ ቀይ። የቤቱ እርጥበት ነው ብሎ ግድግዳውን አስለሰነ። አንድ ቀንማ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ሙሉነሽ፣ ነክተሽዋል?» አለኝ።

«እኔ ያንተን ብረት ምን ላደርገው!» ብዬ ጮህኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። ዓይነ ደረቅ ሌባ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ሸዋ በር አጠገብ ብረት ወደሚሠራው ሙክታር ዘንድ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ሙክታር አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ ወላሂ ይኼስ አልቆለታል። ከውስጥ ነው የተበላብዎት። ውሃ ሲገባበት ኖሯል።»

«በእኔ ቤት ማን ውሃ ያስገባበታል?» አለ ኒቆዲሞስ። እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «እጄ ነው። አርጅቼ በደንብ ሳላደርቀው እየቀረሁ ነው።»

ክው አልኩ። ተናገሪ አለኝ ልቤ። ሰው ፊትማ እንዴት አድርጌ? ቤት ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ። ቤት ስንደርስ ነገ አልኩ። ነገ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። ያ ሰው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጁን አጣጥፎ ቁጭ ይላል። ሄኖክ ሊያጽናናው ብሎ፣ «አባዬ፣ እኔ እንደሆነ ጠመንጃ አልፈልግም» ቢለው ጭራሽ አለቀሰ።

ባለፈው ኅዳር አልጋ ያዘ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ፣ «ሙሉዬ፣ ይቅር በይኝ፤ በዚያ ጠመንጃ ያለ ኃጢአትሽ ጠርጥሬሽ ነበር» አለኝ።

እኔም ይቅር አልኩት።