መምሬ የነቀሉት ሶኬት

ትናንት ከሰዓት ቄስ ላይ ጮህኩ... አዎ፣ እኔው ራሴ። ስሙኝማ።

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር እጠግን የለ? መምሬ አያሌው የሚባሉ፣ ከጉና ተራራ ሥር ከገሳይ የመጡ ቄስ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ በጋቢ ጠቅልለው በጠዋት ከተፍ አሉ። አልከፈት ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ የሟቹ የኔታ ቅኔ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አሉኝ። የኔታ በቃል ሲነግሯቸው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በሁለት ጣት የጻፉት! ሌላ ቦታ የለም።

«በቃልዎ አይዙትም እንዴ አባ?»

«ድሮማ እይዘው ነበር... ተጽፏል ብዬ ተዘናጋሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። አንጀቴን በሉት።

ማሽኑ ከማርጀቱ የተነሳ በፍላሽ አልነሳ አለኝ። የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣውን ፕሮግራም ሲዲ ላይ ጫንኩና በሲዲው አስነሳሁት። እሺ አለ! ሃርድ ዲስኩ ግን እያቃሰተ ነው። አምስት ሰዓት ፈጅቶ ዘጠና አንድ ፐርሰንት ደረሰ። አሁን ከተቋረጠ ድጋሚ ለመነሳቱ ዋስትና የለኝም።

ይሄኔ ሰማዩ አጉረመረመ። መምሬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው... ሶኬቱን መንጭቀው ነቀሉት!

«አባ! አብደዋል እንዴ?!» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«መብረቅ ነዋ ልጄ! እኛ ጉና ሥር ያለነው ሰማይ ሲያጉረመርም የተሰካ ነገር አንተውም። ያንተንም ልንቀለው?»

«እንዳይነኩት!»

ከአፌ ሳይወጣ ጧ!!! ቤቱ ቦግ አለ። የኔው ኮምፒውተር፣ እዚያው ጎኑ ተሰክቶ የነበረው፣ ጢሱን ለቀቀው። መብራቱም ድርግም።

የመምሬን ማሽን አየሁት፤ ሶኬቱ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወይ ጉድ! ለጥቂት የሰባት ዓመት ልፋታቸውን ላስበላቸው ነበር እኮ!

መብራት ሲመለስ አማተብኩና በሲዲው እንደገና ጀመርኩ። ሲፈልግ አድሮ ዛሬ ጠዋት ፋይሉ ወጣ። መምሬ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነቡ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሦስት ቦታ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

«አሁንማ በቃሌ ነው የምይዘው» አሉ።

አፍሬ መስቀላቸውን ተሳለምኩና «ይፍቱኝ አባ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ካሉ በኋላ ቀኖናዬን ሰጡኝ... መቶ ስግደት!

እስካሁን ሠላሳ ሰግጃለሁ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል... የቀረችውን ሰባ እስክጨርስ ጸልዩልኝ።