ለማንም ያልተጎረሰ ጎድን

ባለፈው እሁድ መቱ ከተማ ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት ጥብስ አዝዤ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ለተቀመጡት ወጣቶች የእነሱ ቀድሞ ቀረበ። አልበሉም። ስልካቸውን አወጡና ከላይም ከጎንም ያነሱት ጀመር። አንዷ ቃሪያውን ወደ መሀል ታመጣለች፣ ሌላው "ቆይ አትንኩት" ይላል። ሸክላው ላይ ይንቸሰቸስ የነበረው ጥብስ ድምፁ ጠፋ፣ ሞራው ረግቶ ነጭ ሆነ። ኤዲያ። የእኔም ሲመጣ አልበላልኝ አለ፤ አስጠቅልዬ ወጣሁ። ልጆቹ ምን አደረጉኝ? ያንገሸገሸኝ የራሴው የወጣትነት ጣጣ ነው።

ያኔ ስማርት ስልክ መቱ ውስጥ በየኪሱ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሳምሶን ተመርቀን ሥራ ፈተን ተቀምጠናል። ጓደኛሞች ሜዳ ወጥተው ሥጋ ጠብሰው ለመብላት የሚያቅዱበት የስልክ መተግበሪያ እንሥራ አልን። በግ ማን ይገዛል፣ ቢላ ማን ያመጣል፣ የሚጾም አለ ወይ፣ ዝናብ ቢመጣ የት እንጠለላለን? ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብን ያልጠየቀ ዕቅድ ምን ዕቅድ ይባላል። ኮዱን እሱ ይጽፋል፣ ገጾቹን እኔ እነድፋለሁ። አንዱ ገጽ ላይ "ማን ይመርቃል?" የሚል ቁልፍ አስገባሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅና ሳይቀምስ እጁን ወደ ሥጋ የሚሰድ የለማ። ከቀመሰ በኋላም ከራሱ ሳህን እየቆረሰ ወጣቶቹን ያጎርሳል።

"ይሄ እኮ ዕድር አይደለም" ብሎ ሳምሶን ሳቀብኝ። እኔ ግን ቁልፉን አላወጣሁትም።

አዲስ አበባ ለሚደረግ የመተግበሪያ ውድድር፣ ሰዎች ሲጠቀሙበት የሚያሳይ ፎቶ ላኩ ተባልን። ካለፍን እንጀራችን ሊሆን ነው፤ ሌላ ተስፋ አልነበረንም። ጊዜው ጥቅምት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ አብሮ አደጎቻችንን ጠርተን በጎሬ መንገድ ዳር ወዳለው የኦቦ ገመቹ ሜዳ ወጣን። ኦቦ ገመቹ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሜዳውን ስንለምናቸው "ሥጋው ይጣፍጥ እንጂ ሜዳውስ የእናንተው ነው" አሉን። እንጨቱ ገና የክረምቱ እርጥበት አለቀቀውም ነበርና ጭሱ ዓይናችንን አነደደው።

መጀመሪያ የበሰለውን ጎድን ሳምሶን ለብቻው ወሰደና ከቦርሳው የፀጉር ቅባት አወጣ። ያ ሽቶው ከሩቅ የሚያፍነው አረንጓዴ ቅባት። በጣቱ እየዛቀ ሥጋውን ቀባው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"ሲያብረቀርቅ ፎቶ ላይ ያምራል። ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

ቅባቱ ትኩሱ ሥጋ ላይ ሲቀልጥ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። "ስታበቃ ለውሻ እንኳ እንዳትሰጠው፣ ቅበረው" አልኩት። "እሺ፣ እሺ" አለኝ። ጀሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ስመለስ እንዲመርቁልን የጠራናቸው ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ መርቀው ጨርሰዋል፤ ሰዉም "ሃ ታኡ"፣ ይሁን፣ ብሎላቸዋል። ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ያኝካሉ። ሳምሶን ፊታቸው ተንበርክኮ ፎቶ ያነሳቸዋል። ጓደኞቻችን እንደ ደንቡ ጉርሻ ሊቀበሉ ተጠግተው ቆመዋል። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው አላዩአቸውም። ቆርሰው ዋጡ፣ ደግመው ቆርሰው ዋጡ፤ አንድም ሰው ሳያጎርሱ አጥንቱን ብቻ አስቀሩት።

"ዛሬስ ኦቦ ሆዳቸው በልጦባቸዋል" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ሳቁ። ሳህኑን ላነሳ ጎንበስ ስል ያ ሽቶ መታኝ።

ሳምሶንን ጎትቼ ዛፍ ሥር ወሰድኩት። "ቅበረው አላልኩህም?"

"ሌላው ሥጋ አያብረቀርቅም። ሽማግሌውና ሥጋው አንድ ላይ ካልገቡ ፎቶው ምን ይረባል? ደግሞስ በሉት እንጂ ምን ሆኑ?"

ፊቱን አየሁት፤ ቅንጣት እፍረት የለበትም። ከሥጋው ይልቅ እሱ አስጠላኝ።

ኦቦ ገመቹን ቤታቸው ልሸኛቸው ተከተልኳቸው። ከሜዳው ራቅ እንዳልን መንገድ ዳር ካለው የቡና ተክል ውስጥ ገብተው ሁሉንም አስመለሱት። ደግፌ ያዝኳቸው። አፋቸውን ተጉመጥምጠው ቀና ሲሉ፣ "ሲቀምሱት አላወቁም ነበር?" አልኳቸው።

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተፉትም?"

"በመረቅሁበት አፍ ልትፋ? ልጁስ በሰው ፊት ይዋረድ?"

"ሳህኑን ቢያስቀምጡትስ?"

"የሽማግሌ ሳህን ከተቀመጠ ኢጆሌ፣ ልጆቹ፣ ይሻሙበታል። ሁላችሁም አፋችሁን ከፍታችሁ ቆማችሁ ነበር። ለማን ላጉርሰው፣ ልጄ?"

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። እኔም ከሳምሶን ጋር በዚያው ተለያየሁ። ፎቶውን ብቻውን ላከ፤ ማለፍ አለማለፉን አልጠየቅኩም። ዛሬም ስሙ ሲነሳ አፌ ውስጥ ያ ቅባት ቅባት የሚል ነገር ይመጣብኛል።

ኦቦ ገመቹ ካረፉ ቆይቷል። ሰፈራችን ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው ሲታይ አሁንም "እንደ ኦቦ ገመቹ" ብለው የሚስቁ አሉ። ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆመው ጉርሻ ይጠብቁ የነበሩት ራሳቸው ናቸው የሚስቁት። መሐላዬን ይዤ ስንት ዘመን ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፣ ጻፍኩት። ሰውየው ሆዳም አልነበሩም። ያን ቀን የበሉት የእኛን ድርሻ ነው።