የሸማኔ መኪና

ባሌ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እኔን አልነበረም። በመስኮት አጮልቆ መኪናዋን ነበር የሚያየው፣ አለች ወይ ብሎ። "የት ትሄድብሃለች? እግር የላት!" እለዋለሁ። "ጎማ አላት እኮ" ይለኛል። ለጎረቤቶቼ "ጣውንቴ ናት" ስላቸው ይስቁ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን የምሬን ነበር። ለእኔ ቀሚስ ከገዛልኝ ስንት ጊዜው! ለእሷ ግን መጥረጊያ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም፣ ያውም ደህናው፣ ነጩ።

የምንኖረው ቴፒ፣ በመንግሥት ቡና እርሻ ግቢ ውስጥ ነበር። እሱ ሾፌር ነው፤ እኔ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ጥቁሩንና ስባሪውን ቡና ከደህናው እለያለሁ። ቤታችን በተርታ ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ከመጮኹ የተነሳ ባልና ሚስት መጣላት ቢያምራቸው እንኳ እስኪያባራ መጠበቅ ነበረባቸው። የቴፒ ዝናብ ደግሞ ቶሎ አያባራም። ስንቱ ጠባችን ሳንጣላው ቀርቷል! ዛሬ ያ ዝናብ ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

መኪናዋ ባለ ሸራ ጣሪያ ጂፕ ነበረች። የሠራትን ፋብሪካ ስም አሁን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ያኔ ግን እኛ "ጃፓኗ" ነበር የምንላት። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለ ትልቅ እርሻ ንብረት ነበረች። ባሌም የዚያው ሰው ሾፌር ነበር። እርሻው ሲወረስ መኪናዋ ተወረሰች፤ ሾፌሩም ከነቁልፉ እዚያው ሥራው ላይ ቀረ። "እኔም ከነመሪዬ ተወርሻለሁ" እያለ ሰው ያስቅ ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግን ማንም አላከበራትም። በዚያ ዘመን ጃፓን ማለት ጃንጥላና የልጆች መጫወቻ ነው። ነፋስ ሲመጣ ጃንጥላው ይገለበጣል፣ መጫወቻውም ቀኑ ሳይመሽ እጅ ላይ ተሰብሮ ይቀራል። ጌትነት የእንግሊዙ መኪና ነበር፤ ያለዚያም የጣልያኑ የጭነት መኪና። "የጃፓን ቆርቆሮ" ይሏት ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። ባሌ ሲሰማ ጆሮው ይቀላል። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ እነካካው ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ሲናደድ ያምርበታል።

ሰው አስተያየቱን የለወጠው በክረምት ነው። ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ ያለውን የዚያን ጊዜ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀይ ጭቃ ነው፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ከዚያ እግርም ያምረዋል። ትልልቆቹ መኪኖች በየጥጋጥጉ ተቀብረው ሾፌሮቹ ከሥራቸው እሳት አንድደው ጎደሬ እየቀቀሉ ሲበሉ፣ ጃፓኗ እያቃሰተች፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተች፣ ታልፋለች። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ አማን ሐኪም ቤት ማድረስ ሲያስፈልግ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛዋ ናት የምትሄደው?" ብሎ ነበር። "ጃፓኗ" ከተባለ "እሰይ፣ እንግዲያው ትደርሳለች" ይሉና ማልቀሱን ያቆማሉ። ባሌ ይህን ሲሰማ ኮቱን ያስተካክላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሲኖረው ሚዛን ገበያ ይወስደኝ ነበር። የፊት ወንበር ላይ፣ እንደ እመቤት! ከማሻ የመጣ ማርና ከጫካ የተለቀመ ኮረሪማ ከኋላ ስንጭን ሽታው ሸራው ውስጥ ይገባና ሳምንቱን ሙሉ አይወጣም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ያፏጫል። እኔ "መንገዱን እይ!" እላለሁ፣ እሱ "መንገዱን እሷ ታውቀዋለች" ይላል። ከዚያ በኋላ በስንት ጥሩ መኪና ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይህ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚወዳት የገባኝ ከተጋባን በኋላ ነው። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሚዛን ገበያ ዳር ጉድጓዳቸውን ቆፍረው፣ እግራቸውን እዚያ አስገብተው ሸማ እየሠሩ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሰው ጋቢያቸውን ለብሶ ይሞቀዋል፣ እሳቸውን ግን ከማዕዱ ያርቃቸዋል፤ "ቁጢት በጣሽ" ይላቸዋል። ያን ጊዜ ሸማኔ የሚሰደብበት ቃል ይህ ነበር። አባቴም ማር ነጋዴ ነበርና "ልጄን ለሸማኔ ልጅ? በሞትኩ!" ብሎ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሳቸው። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አንድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ በዚያችው በጃፓኗ ተሳፈርኩና ቴፒ ገባሁ። አባቴ የታረቀኝ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ታዲያ ባሌ ሾፌርነት ሲጀምር አዲስ አበባ ሄዶ ስለ መኪናዋ አጭር ትምህርት ተምሮ ነበር። እዚያ አስተማሪው የፋብሪካውን ታሪክ ነገራቸው። ያ ታላቅ ፋብሪካ የተነሳው ከመኪና አይደለም፣ ከሽመና ነው። የመኪናው ሠሪ አባት፣ እናቱ በእጇ ስትሸምን እያየ አድጎ፣ ሥራውን የሚያቀል የሽመና ማሽን የፈጠረ ሰው ነው። ፈትል ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጨርቁ እንዳይበላሽ። ልጁ ደግሞ ከዚያው ከሽመናው ፋብሪካ አንድ ጥግ ይዞ መኪና መሥራት ጀመረ። ሰው ሳቀበት፣ እሱ ግን አልተወም።

ባሌ ይህን ታሪክ ለኔ የነገረኝ ስንቴ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለእርሻው ሠራተኛ ሁሉ ነግሯል፤ ለዘበኛው፣ ለግምጃ ቤቱ ሹም፣ መንገድ ላይ ለጫነው ሰው። "የሸማኔ ልጅ ነው የሠራት፣ ሰምተሃል?" ይላል። አንድ ጊዜ አባቱን ከሚዛን ጭኖ ቴፒ አመጣቸው። ሽማግሌው መኪና ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ የጣሪያውን ሸራ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት፣ አገላብጠው አዩት። "ጥብቅ ነው። እጁ ደህና ነው ሰውየው" አሉ። ባሌ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ቀና ሲል ግን ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር። አባባ በዓመቱ ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰሜን ጦርነቱ በረታ። ከየመሥሪያ ቤቱ ጠንካራ መኪና እየተመረጠ ወደ ግንባር ይወሰድ ጀመር፤ መኪናው ከነሾፌሩ ነው የሚሄደው። ከእኛ ግቢ ቀደም ብሎ አንድ የጭነት መኪና ተወስዶ ነበር። የሾፌሩ ሚስት መጋዘን ውስጥ ከአጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ባልዋ ከሄደ ወዲህ ወሬውም አልመጣ፣ እሷም ማቅ አልለበሰች፤ ቡናውን እያየች እጇ ብቻ ይሠራል። አንድ ቀን "ከጅማ መኪና መራጮች ይመጣሉ፣ ጃፓኗን በስም ጠይቀዋል" የሚል ወሬ ደረሰ። ዝናዋ ጅማ ደርሶ ነበራ! ያን ያህል ዘመን ስናሞግሳት የኖርነው ለካ ለዚህ ኖሯል።

"አበላሻት" አልኩት።

"ምን?"

"አበላሻት አልኩህ። አትነሳም በል።"

ልጄን ግደል ያልኩት ያህል አየኝ። "እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም፣ በሐሰት ስሟን ላጥፋ?" አለ። "አንተ ከምትሞት እሷ ትሙት!" ብዬ ጮህኩበት። የዚያን ቀን ዝናብ እንኳ አልነበረም፣ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ልጃችን ገና ጥርስ እያበቀለች ነበር። በመጨረሻ ሕፃኗን አይቶ እሺ አለ።

ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሻጥር ከተባለ ግንባር ድረስ መሄድም የለ፣ እዚሁ ነው የሚጨርሱት። ስለዚህ ከሞተሩ ውስጥ እሳት የምታከፋፍለውን፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ አወጣና ጋራዥ ውስጥ ተጥላ የነበረች የተሰነጠቀች አሮጌ አስገባባት። ማንም ከፍቶ ቢያይ በአገልግሎት ብዛት የተሰነጠቀች ናት የሚል፤ መለዋወጫዋም ከጃፓን ካልሆነ አይገኝ። ደህናዋን ለኔ ሰጠኝ። መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት።

መራጮቹ መጡ። አንድ ካድሬ አለ፣ መነጽር ያደረገ፤ ወታደር መካኒክ አስከትሏል። ጠዋት ሰብስበው ስለ ሠርቶ አደሩ ክብር ሲያስተምሩን ከቆዩ በኋላ ወደ መኪኖቹ ሄዱ። መጋዘኑ በር ላይ ሆነን ሁሉን እናያለን። መካኒኩ ቁልፉን ጠመዘዘ፣ ሞተሩ ተንቋቋ፣ አልተነሳም። ደገመ፣ አልተነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ ነካካና የተሰነጠቀችውን ዕቃ አውጥቶ አሳያቸው። እኔ መቀነቴን በክንዴ ጫን አድርጌ ያዝኩ።

ካድሬው "ያቺ የተወራላት ይቺ ናት?" አለ።

የግምጃ ቤቱ ሹም፣ አፉ አያርፍ፣ ከጎን ሆኖ "ጓድ፣ የሸማኔ መኪና እኮ ናት! ፋብሪካውን ያቋቋመው ሸማኔ ነው ብሎ እሱ ራሱ ነው የነገረን" አለና ወደ ባሌ ጠቆመ።

ካድሬው ሳቀ። "እንዲያማ ከሆነ ምን ይገርማል! ቁጢት በጣሽ መኪና ሲሠራ የት ታይቶ!" አለ። ግቢው በሳቅ ሞላ። የሠርቶ አደሩ ክብር እዚያችው ላይ አበቃ።

ባሌ ቀስ ብሎ ወደኔ መጣ፣ ውሃ የሚፈልግ መስሎ። ጣሳውን ሰጠሁት፣ አልጠጣም።

"ስጪኝ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ታውቂዋለሽ። መለዋወጫ ቤቴ ነበረ እላቸዋለሁ። አንዴ ላስነሳት። ድምፅዋን ይስሙና የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

ደሜ ፈላ። በጣሳው ግንባሩን ልለው ነበር። ግን ፊቱን ሳየው ንዴቴ ከዳኝ፤ አባባን መሰለኝ፣ ቁርጥ እሳቸውን። ለሴቶቹ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀነቴን ፈታሁና ዕቃዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ይኸው። እኔ የሸማኔ ልጅ መሆንህን እያወቅሁ ነው የአባቴን ቤት ጥዬ የመጣሁት። የዚህ ሰውዬ ቃል ከኔ ይበልጥብሃል ካልክ፣ ሂድ አስነሳት።"

ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ነቅታ ነበር፣ እጇን ዘርግታ ኮሌታውን ያዘች። እሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። ዕቃዋን መልሶ እጄ ውስጥ አደረገና ሄደ፤ ካድሬው ፊት ቆመ። ድምፁ ግቢው ሁሉ የሚሰማው ነበር።

"ልክ ብለሃል ጓድ። ከሸማኔ እጅ ምን ደህና ነገር ይወጣል? ዝም ብዬ ነው ሳሞግሳት የኖርኩት። ቆርቆሮ ናት።"

ሰዉ ከፊተኛው የበለጠ ሳቀ። ካድሬው "ተዋት" አለ ለመካኒኩ፣ ወደ ሌሎቹ መኪኖች አለፉ። መኪናዋማ በኋላ መለዋወጫ ተገኘ ተብሎ ተነስታለች፣ ብዙ ዘመን ሚዛን ተመላልሳለች። የሸማኔውን ታሪክ ግን ባሌ ከዚያ ወዲያ ለማንም ሲያወራ አልሰማሁም።

የዚያን ዕለት መራጮቹ ግቢውን ለቀው እንደወጡ መጋዘን ገባና ከሴቶቹ መሀል፣ ከኔ አጠገብ ተቀመጠ። ወንድ እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ከፊቴ ካለው ክምር ቡና እየዘገነ ጥቁሩን ከደህናው ይለይ ጀመር።

"አባቴን በሰው ፊት ሰደብኩት" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ልጅቷን ከጀርባዬ አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኳት።

"የሷ አባት ግን ይኸው አለ" አልኩት።

በአንድ እጁ አቀፋት፣ በሌላው ቡናውን መልቀሙን ቀጠለ።