ጃንሆይ የተጣበቁበት ድፎ

ትናንት ዲላ ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ስንደርስ የተለበለበ ኮባ ሸተተን። አብራኝ የነበረችው አክስቴ ዓይኗን ጨፍና፣ «እንዲህ ነው እንጂ ዳቦ! እኔ መቼም ያለ ኮባ ጋግሬ አላውቅም» አለች።

አታፍርም እኮ!

ልጅ ሆኜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ይህችው ሴት አዲስ አበባ አንድ ክረምት ከርማ አፍንጫዋን ነፍታ ተመለሰች። ሽማግሌ ሊመጣላት ቀን ሲቆረጥ፣ ድፎውን እኔ ራሴ ካልጋገርኩ አለች። ጓሯችን እንሰት በእንሰት ነው፤ እናቴ የቆረጠችላትን ኮባ ግን ወረወረችው። «ይሄ የባላገር ነው። ከተማ የሚጋገረው በወረቀት ነው» ብላ ምጣዱ ላይ ጋዜጣ አነጠፈችና ሊጡን ገለበጠችበት። ቤቱ በቀለምና በጭስ ሽታ ታፈነ።

ከይርጋ ጨፌ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ ቁራሻቸውን ገልበጥ ሲያደርጉ፣ ከሥሩ በተጣበቀው ወረቀት ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

«ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ብበላው ጃንሆይን መብላት ነው፤ ብልጠው ጃንሆይን መቅደድ ነው። ምን ላድርገው?»

አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባባ፣ በላይ በኩል ይብሉት!»

ሽማግሌው ቁራሹን በሁለት እጃቸው ትሪው ላይ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ለዳቦው ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። ከዚያ ወዲያ በደጃችን አላለፉም።

ትናንት ሻጩ ድፎውን በጋዜጣ ሊጠቀልልላት ሲል ፊቷን አጨማደደች።

«በወረቀት? ምን ዓይነት ባላገር ነህ!»