ባትሪውን ማን ጨረሰው

ቁልፉን ስታዞረው መኪናዋ ጠቅ ብላ ዝም አለች። ደግማ ብታዞረው ጠቅ የሚለውም ጠፋ። ኬክ ሠሪዋ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ሦስት ሰዓት ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት የምታደርሰው ባለሁለት ደርብ ኬክ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃታል፤ ይህን ይዞ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ መጋፋት አይታሰብም።

ከኬኩ በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በመጣ ቁጥር የሚያነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ይቺን መኪና እንሽጣት። መኪና የወንድ ዕቃ ነው፤ አትችያትም።" እስቲ ፍረዱ። መኪናዋ የተገዛችው በእሷ ኬክ፣ የተመዘገበችውም በእሷ ስም ነው። ሟቹማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መንጃ ፈቃድም አልነበረው፤ ሥራው ጎኗ ተቀምጦ "ቀስ በይ" ማለት ነበር። ዛሬ መኪናዋ ቆማ ከቀረች ዋርሳዋ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው፤ መኪናዋ ከተሸጠች ደግሞ እንጀራዋም አብሮ ይሄዳል።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፣ እሱም ከተፍ አለ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እሷ የከፈተችውን ኮፈን ከሩቅ አየ።

"መብራት ሳታጠፊ ወርደሽ ነው" አለ። "ስንቴ ነገርኩሽ? አንቺ ከክሬምሽ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?"

"አጥፍቻለሁ ጋሼ፤ እርስዎ ደግሞ።"

የባትሪ ማስነሻ ገመድ ይዞ የመጣው ባለታክሲ ጎረቤቷ ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ ባትሪው ጨርሶ ደክሟል። የሆነ መብራት ሲበራ አድሯል።"

ይሄኔ ራሷን ተጠራጠረች። አጥፍቻለሁ ወይስ አላጠፋሁም? ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ ላይ እንዲህ እምነት ሲያጣ እንዴት ያበሽቃል።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከበር ብቅ አሉ። "ምንድን ነው ጫጫታው?"

"ባትሪው አልቆ ነው እማማ።"

"ያልቅ እንጂ ታዲያ" አሉ አማቷ። "ትናንት ሊመሽ ሲል ይሄ ልጄ ወስዶት ለዚያ ለቦርጫሙ ሰውዬ የመኪናዋን ሆድ ሲያሳይበት ቆየ። አዲስ ድንጋይ ያስገባሁበት ባትሪ ነበር እኮ። አንቺ ጓዳ በማሽን ክሬም ስትመቺ መቼ ሰማሽ።"

ባለታክሲው አንገቱን ወደ ሞተሩ ቀበረ።

"እማዬ፣ እኛ የምናወራው ስለ መኪናው ባትሪ ነው" አለ ዋርሳዋ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"እኔ ደግሞ ስለ እጅ ባትሪዬ ነው። ውስጥ ገብታችሁ መብራት አብርታችሁ ወንበር ስትሞክሩስ አላየሁም?"

ጠዋት ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ እግሯ ፔዳሉ ጋ አልደርስ ያላት ለካ ለዚህ ነው። ደሟ ፈላ። ቁልፉን ከበሩ ምስማር ላይ አንስቶ፣ መኪናዋን ለገበያ አውጥቶ፣ ባትሪዋን ጨርሶ፣ በማግስቱ መጥቶ ጥፋቱን በእሷ ያላክካል። ዓይን አውጣ ማለት ይሄ ነው።

ባለታክሲው ገመዱን ከራሱ መኪና ጋር አገናኘ። "አሁን ሞክሪ።" መኪናዋ አጉረምርማ ተነሳች። "ሞተሩን እንዳታጠፊው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ።"

"ኬኩን ያዝና ግባ" አለችው ዋርሳዋን።

ለዘጠኝ ዓመት "ይያዙ" እና "ይግቡ" ስትለው የኖረች ሴት ናት። ደንግጦ ገባ። ኬኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ክሬሙ ሸሚዙን እንዳይነካው እየተሳቀቀ፣ "በኋላ ብንነጋገር" ሲል፣ "ቦርጫሙ የት ነው የሚሠራው?" ብቻ አለችው። እሱም አመለከታት።

ሰውየው የሴራሚክ መሸጫ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩን ሳታጠፋ ከደጁ ገትራ ወረደች። ሰውየው መኪናዋን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። "ሳትደውል ይዘሃት መጣህ። ይቺ ደግሞ ሾፌርህ ናት?"

"ንገረው" አለች።

ዋርሳዋ ከኬኩ ኋላ ሆኖ "አትሸጥም" አለ፤ የሰማው የለም። "ጮክ በል" አለችው። "አትሸጥም" አለ።

ሰውየው ግራ ገባው። "እንዴ፣ ባለቤቱ ሞቷል፣ የምወስነው እኔ ነኝ ብለኸኝ አልነበር?"

"የሞተው የእኔ ባለቤት ነው" አለች ኬክ ሠሪዋ። "የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ። ቆሜ እየሄድኩ ማን ገደለኝ?"